ከኋላ መስመር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ግብ ስለማግባት ሳይሆን ግብ ስላለማስገባት የሚጠይቁ ናቸው። ደስ ብሎናል። ስለ አጥቂ የሚጽፍም የሚያወራም ሞልቷል፤ ተከላካይ የሚታወሰው ኳስ ያመለጠችው ቀን ነው። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን፣ የረዘሙትን አሳጥረን መልሰናል።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ «እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ልጇ በሚማርበት ኮሌጅ ያለው የመከላከል አሰልጣኝ ከዋናው አሰልጣኝ ባልተናነሰ ይከበራል፣ የራሱ ረዳቶችም አሉት አለችኝ። እኛ ዘንድ አንድ ዋና አሰልጣኝ፣ አንድ ምክትልና አንድ የበረኛ አሰልጣኝ ከተገኘ ተመስገን ነው። ይህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ሰውስ እዚህ ቦታ እንዴት ይደርሳል?»

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ እህትዎ የሚያወሩት ስለኛ እግር ኳስ አይደለም። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው የሚጋጩበትን ጨዋታ ነው። የኛውን «ሶከር» ይሉታል። በአንድ ወገን 11 ተጫዋች ይሰለፋል፤ በዚህ ብቻ እንመሳሰላለን።

ሜዳው በሁለቱ የግብ መስመሮች መካከል 100 ያርድ ነው፤ 91 ሜትር ከግማሽ የማይሞላ። ኳስ የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካቃተው ኳሱ ወደ ተጋጣሚው ይዞራል። አንዱ ሙከራ ጥቂት ሰከንድ ይፈጅና ጨዋታው ይቆማል፤ ቀጣዩ እስኪጀመር በአብዛኛው የሚቆጠረው 40 ሰከንድ ነው።

የሰውዬው እንጀራ ያለው በዚህች 40 ሰከንድ ውስጥ ነው። ስንተኛው ሙከራ ነው? ስንት ያርድ ቀራቸው? ተጋጣሚው የትኞቹን ተጫዋቾች አስገባ? ይህን አይቶ በእጁ ካለው የዕቅድ ወረቀት አንድ አሰላለፍ መርጦ ወደ ሜዳ ይልካል። ድሮ የሚላከው በአብዛኛው በእጅ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በከፍተኛው እርከን ላይ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከተከላካዮቹ የአንዱ የራስ ቁር ውስጥ በገባ ሬዲዮ በቀጥታ ማናገር ተፈቅዷል። ሰዓቱ ላይ 15 ሰከንድ ሲቀር ሬዲዮው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተጫዋቹ ነው።

አጥቂና ተከላካይ በአብዛኛው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኳሱ በተቀያየረ ቁጥር አሥራ አንዱ ወጥተው ሌሎች አሥራ አንድ ይገባሉ። ስለዚህ መከላከሉ ራሱን የቻለ ቡድን ያህል ነው፤ የራሱ የስብሰባ ክፍል፣ የራሱ አሰልጣኞች አሉት። ከፊት ለሚጋጩት ግዙፎች አንድ፣ ከእነሱ ኋላ ለሚቆሙት ላይንባከሮች አንድ፣ ረጅም ኳስ ለሚጠብቁት የኋላ ሰዎች አንድ ወይም ሁለት አሰልጣኝ ይመደባል። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነው «ዲፌንሲቭ ኮርዲኔተር» የሚባለው፤ የመከላከል አስተባባሪ እንበለው።

ሳምንቱ እንዲህ ያልቃል። ጨዋታው ቅዳሜ ነው። እሑድ ያለፈው ቪዲዮ ይታያል፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስህተት ይጻፋል። ሰኞ የቀጣዩ ተጋጣሚ ልማድ ተፈትሾ ዕቅድ ይወጣል። ማክሰኞ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሙከራ ልምምድ ነው፤ ረቡዕ ሦስተኛው ሙከራ፤ ሐሙስ ግብ መስመር አጠገብ የሚሆነው። ዓርብ ያለ ግጭት በእርምጃ ይደገማል። ተማሪው በውድድር ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ በልምምድና በስብሰባ እንዳይያዝ ደንቡ ይከለክላል። አሰልጣኙን ግን የሚከለክለው ደንብ የለም፤ ሌሊቱን ቪዲዮ ላይ አፍጥጦ የሚያድር ብዙ ነው። በዚያ ላይ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጫዋች ለመመልመል በየከተማው መዞር አለ።

መሰላሉ ረጅም ነው። አብዛኛው ሰው ራሱ ኮሌጅ ተጫውቶ ያልፍና ማስተርሱን እየተማረ በተማሪ ረዳትነት ይጀምራል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ኪሱ የሚገባው ግን ትንሽ ነው። የተጋጣሚን አሰላለፍ በካርድ ላይ መሣል፣ ቪዲዮ መቁረጥ፣ ኮን መደርደር የእሱ ሥራ ነው። ቀጥሎ የአንድ ቦታ አሰልጣኝ ይሆናል፤ ከዚያ አስተባባሪ፤ ዕድል ከቀናው ዋና አሰልጣኝ።

ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አይደለም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲውን ኪርቢ ስማርት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ቫልዶስታ ስቴት በተባለ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ የመከላከል አስተባባሪ ነበር። በ2002 ግን ያን ማዕረግ ትቶ ትልቁ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እንደገና ተማሪ ረዳት ሆኖ። ከትልቅ ቤት ታች ሆኖ መማር ከትንሽ ቤት አለቅነት ይሻላል ብሎ ሳይሆን አይቀርም። በ2004 ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) በዋና አሰልጣኙ በኒክ ሳባን ሥር የኋላ ተከላካዮችን አሰለጠነ፤ ከ2008 እስከ 2015 አላባማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሳባን የመከላከል አስተባባሪ ሆነ። በ2009 ለምርጥ ረዳት አሰልጣኝ የሚሰጠውን የብሮይልስ ሽልማት ወሰደ። ከ2016 ጀምሮ የጆርጂያ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን የ2021 እና የ2022 የውድድር ዘመን ብሔራዊ ዋንጫዎችን አንሥቷል።

ገንዘቡ ከላይ ያማልላል፤ የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አስተባባሪዎች በዓመት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛሉ። መሬቱ ግን ያንሸራትታል። ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ስለሚመጣ፣ የመከላከሉ ሰው ሥራውን በደንብ ሠርቶም ዕቃውን ይሸክፋል። በሁለት በሦስት ዓመት ከተማ መቀየር የዚህ ሙያ ተራ ነገር ነው፤ ልጅ የሚያስተምር ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ፦ «በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ የአንድ ኮሌጅ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነኝ። ዋናው አሰልጣኝ ማጥቃቱን ይወዳል፤ መከላከሉን ለእኔ ጥሎታል። በዚህ መስመር መግፋት ያዋጣል ወይ? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ያዋጣል፤ «የመከላከል አሰልጣኝ» የሚል ማስታወቂያ እጠብቃለሁ ካሉ ግን ይሸመግላሉ። በእኛ አገር መከላከሉ የሚሠራው በምክትሉ እጅ ነው። ስለዚህ ማዕረጉን ሳይሆን ሥራውን ይያዙት።

ዲግሪ የአሰልጣኝነት ላይሰንስን አይተካም። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ላይሰንስ ከዲ ተነሥቶ በሲ፣ በቢ፣ በኤ አልፎ ፕሮ ይደርሳል፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ስልጠናው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለማይሆን በዞንና በክልል ፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ስምዎን አስቀድመው ያስይዙ፤ ማስረጃዎን በአንድ ፋይል አዘጋጅተው ይቆዩ። ጥሪ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም።

ከወረቀቱ እኩል የሚያስፈልግዎ ደብተር ነው። በየጨዋታው አራት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ተጋጣሚ አደጋ የፈጠረበትን ደቂቃ፣ ኳሱን የቀማንበትን ቦታ ሳይሆን እኛ የተቀማንበትን ቦታ፣ ያን ጊዜ ኳስ የያዘውን ሰው ማን እንደተጠጋው፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ። ስንት ጊዜ ተንሸራተን ነጠቅን ብለው አይቁጠሩ። ብዙ የሚንሸራተት ተከላካይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተሳሳተ ቦታ የቆመ ነው። ከአምስት ጨዋታ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል፤ አደጋው ሁሉ ለምሳሌ ቀኝ ተመላላሹ ወጥቶ ካልተመለሰበት ጎን ይመጣ ይሆናል።

ቪዲዮም ያስፈልጋል። ስልክ ይበቃል፣ ከፍታ ግን ያስፈልገዋል። ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ የተቀረጸ ቪዲዮ የኳሱን እንጂ የመስመሩን ነገር አያሳይም። የመሐል መስመሩ ትይዩ ላይ ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ደረጃ ወይም ሰገነት ይፈልጉ፤ ስልኩን አግድም ይያዙ፤ ኳሱን እያሳደዱ አያቅርቡት፤ አራቱም ተከላካዮች ሁልጊዜ በምስሉ ውስጥ ይኑሩ። ለ90 ደቂቃ ከ8 እስከ 12 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ይተዉ። ብዙ ቅጂ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የሚቋረጠው በዚህ ነው፤ ባትሪ የሚወቀሰው በከንቱ ነው።

ለተጫዋቾቹ ሲያሳዩ ከ10 ደቂቃ አይለፉ። አራት ቁራጭ ይበቃል፤ ሁለቱ ጥሩ የሠሩበት ይሁን።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ «አራቱ ተከላካዮቼ በአንድ መስመር እኩል ይቆማሉ። ልምምድ ላይ ገመድ የተዘረጋ ነው የሚመስሉት። ጨዋታ ላይ ግን በጀርባቸው ኳስ ተጥሎ በየሳምንቱ ግብ ይቆጠርብናል። እጅ አንሥተው የመስመር ዳኛውን ያያሉ። ችግሩ ፍጥነት ነው?»

መልስ፦ ፍጥነት አይደለም። ገመዱ እኩል ነው፣ ገመዱ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት ግን አልተሰጠውም።

ለወልድያው ጠያቂ እንደነገርነው አሜሪካዊው አሰልጣኝ በየ40 ሰከንዱ ትእዛዝ መላክ ይችላል። የእኛ ጨዋታ አይቆምም። እርስዎ ከመስመር ዳር «ውጡ!» እስኪሉ ኳሱ ሄዷል። ስለዚህ ትእዛዙ በሳምንቱ ውስጥ ተጫዋቾቹ ዓይን ላይ መተከል አለበት። የሚተከለውም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ኳስ የያዘው ሰው ተሸፍኗል ወይስ ነጻ ነው?

ተሸፍኗል የምንለው ፊቱን ወደ ራሱ ግብ ካዞረ፣ ኳሱ ከእግሩ ሥር ከተጣበቀበት፣ ወይም የእኛ ሰው በአንድ እርምጃ ርቀት ውስጥ ከደረሰበት ነው። ያን ጊዜ ረጅም ኳስ መምታት አይችልም፤ አራቱም ከ5 እስከ 8 ሜትር ወደፊት ይውጡ። ወደኋላ የተሰጠ ኳስም የመውጫ ምልክት ነው። ነጻ የምንለው ቀና ብሎ ካየ፣ ኳሱን ከፊቱ ካሳለፈና የሚጠጋው ከሌለ ነው። ያን ጊዜ መቆም ክልክል ነው፤ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ወደኋላ መሸሽ ይጀመራል። የእርስዎ ልጆች የሚቀጡት ነጻ በሆነ ሰው ፊት ገመዳቸውን ይዘው ስለሚቆሙ ነው።

ሲሸሹ ፊት ለፊት ወደኋላ መራመድ ከሦስት አራት እርምጃ በላይ አያስኬድም። ከዚያ በኋላ ወገባቸውን አዙረው፣ በጎን ሆነው፣ አንድ ዓይን ኳሱ ላይ ሌላው አጥቂው ላይ ይሁን። ቀጥ ብሎ ቆሞ የተያዘ ተከላካይ ለመዞር ብቻ አንድ ሙሉ እርምጃ ይከስራል፤ ቀርፋፋ ያስመሰለው እሱ ነው።

ልምምዱን እንዲህ ያድርጉት። ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ተጋጣሚ አያስገቡ። እርስዎ ኳስ ይዘው 25 ሜትር ፊታቸው ይቁሙ። ጀርባ ሲሰጧቸው ይወጣሉ፣ ቀና ሲሉ ይሸሻሉ፣ ኳሱን ወደ ጎን ሲገፉ አራቱም አብረው ይንሸራተታሉ። ኳሱ መሐል ላይ ሲሆን በመካከላቸው ከ8 እስከ 10 ሜትር፣ መስመር ላይ ሲሆን ከ5 እስከ 7 ሜትር ይሁን፤ ሩቅ ያለው ተመላላሽ እስከ መሐል ድረስ ይሰብሰብ። ቀጥሎ ሜዳውን በሙሉ ስፋቱ፣ ርዝመቱን 40 ሜትር አድርገው አራቱን፣ ሁለት ተከላካይ አማካዮችንና በረኛውን በስድስት አጥቂ ላይ ያጫውቱ። 3 ደቂቃ ጨዋታ፣ 1 ደቂቃ ዕረፍት፣ አራት ጊዜ። ኳስ በጀርባ ሲገባ ወዲያው ያስቁሙና የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ «ሰውየው ነጻ ነበር?»

ኦፍሳይዱን የሚያበላሸው በአብዛኛው ከኳሱ የራቀው ተመላላሽ ነው። ሦስቱ ሲወጡ እሱ ኳስ እያየ ይቀራል። ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ እኩል የቆመ አጥቂ ኦፍሳይድ አይደለም፤ ስለዚህ የአንድ ሰው የአንድ ሜትር መዘግየት የሦስቱን ሥራ ያፈርሳል። እጅ ማንሣቱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይከልክሉ። እጁን ያነሣ ሰው መሮጥ አቁሟል።

ትእዛዝ ሰጪው አንድ ይሁን፤ ከሁለቱ የመሐል ተከላካዮች የሚናገረው። ቃሉም ይመረጥ። «ውጣ» እና «ውረድ» በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ በጩኸት መሐል ይቀላቀላሉ፤ «ላይ!» እና «ኋላ!» ይሻላሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግብ ግን ታስቆጥራለች።

በረኛውን አይርሱ። መስመሩ ከግቡ 35 ሜትር ርቆ ሳለ በረኛው ግቡ መስመር ላይ ከተገተረ መሐሉ ባዶ ሜዳ ነው። እስከ 16.50 (የቅጣት ሳጥኑ) ጠርዝ ድረስ መውጣት አለበት። ጣሊያናዊው አሪጎ ሳኪ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1991 ኤሲ ሚላንን ሲያሰለጥን ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት 25 ሜትር አካባቢ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ያለ ኳስም ያለማምዳቸው ነበር። የእርስዎ አጥቂዎች ኳስ ሲነጠቁ ወገባቸውን ይዘው የሚቆሙ ከሆነ ያ ርቀት 50 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ሁልጊዜ ነጻ ነው፣ እርስዎም ተከላካዮቹን ይቆጣሉ።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ «ሆጤ ላይ እንጫወትና በሳምንቱ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እንጫወታለን። ረጅም ኳስ ግምቱ ይጠፋብናል። እውነት የአየሩ ነገር ነው?»

መልስ፦ ጥቂቱ የአየሩ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ታች ያለው አየር በጥቂት በመቶ ይወፍራል፣ ኳሱን ትንሽ ቀድሞ ያወርደዋል። የመሐል ተከላካይ በደሴ ግምቱ ከቆመ ኳሱ ከፊቱ ይወድቅበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በማሟሟቂያው ላይ ከ40 ሜትር የተመቱ አሥራ አምስት ኳሶች በጭንቅላትና በደረት ይቀበሉ። የሚብሰው ግን ሙቀቱ ነው። ከፍ ብሎ ጫና የሚፈጥር ቡድን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ፊተኞቹ ሲደክሙ ኋለኞቹ ሳይነገራቸው እንደወጡ ይቀራሉ። መስመሩን ከ60ኛው ደቂቃ ጀምሮ 10 ሜትር ዝቅ ለማድረግ ከጨዋታው በፊት ይስማሙ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ «የሴቶች ቡድን አሰለጥናለሁ። በረኛችን አጭር ናት። የማዕዘን ምት በመጣ ቁጥር ሁላችንም ልባችን ይቆማል። ሰው በሰው እንያዝ ወይስ ቦታ እንጠብቅ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱንም ይቀላቅሉ። ሰው ብቻ ከያዙ ተጋጣሚዎች እርስ በርስ እየተጋረዱ ያስመልጣሉ፤ ቦታ ብቻ ከጠበቁ ከሩቅ ተንደርድራ የመጣች ቆማ ከምትጠብቅ በላይ ትዘላለች።

ከበረኛዋ ሌላ ያሉትን አሥሩን እንዲህ ያካፍሉ። አንዷ ቅርቡ ቋሚ ፊት፣ በ5.50ው (በትንሹ ሳጥን) መስመር ጥግ ላይ፤ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ኳስ ሁሉ የእሷ ነው። ምርጥ ዘላዮችዎ የሆኑ ሦስት በ5.50ው መስመር ላይ ተደርድረው ቦታ ይጠብቁ። ሌሎች ሦስት የተጋጣሚን ሦስት አደገኞች ይያዙ፤ ሥራቸው ኳሱን መንካት ሳይሆን ሩጫውን ማሰናከል ነው፣ እጃቸው ግን ልብስ እንዳይጨብጥ። አንዷ አጭር ኳስ ሊሰጥ ወደሚችልበት ጎን ትቁም፤ ደንቡ ከማዕዘኑ ቅስት 9.15 ሜትር እንድትርቅ ያስገድዳታል። አንዷ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተመልሶ የሚወጣውን ኳስ ትጠብቅ። የመጨረሻዋ ፊት ትቅር፤ እሷን ለመጠበቅ ተጋጣሚ ሁለት ሰው ያስቀራልና።

አጭር በረኛ ከሆነች የግቡ መሐል ላይ አትገተር፤ ከመሐል ትንሽ ወደ ሩቁ ቋሚ ትጠጋ፣ ሰውነቷም ወደ ሜዳው ይከፈት። የማትደርስበትን ኳስ ለማግኘት ወጥታ መንገድ ላይ መቅረቷ ከሁሉ የከፋ ነው። ሩቁን ቋሚ ላይ ሰው ማቆም ከፈለጉ ፊት የቀረችውን ይጥሩ።

ኳሱ ከተገፈተረ በኋላ ግብ የሚቆጠረው ሁሉም ባሉበት ስለሚቀሩ ነው። ኳሱ ከሳጥኑ ሲወጣ አሥሩም አብረው ይውጡ። በየልምምዱ መጨረሻ ስምንት ምት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፤ አንድ ቀን ሃያ አራት ከመምታት ይበልጣል። በረኛዋ ደግሞ ኳስ ይዛ እንዳትቆይ ይንገሯት፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በተሻሻለው ሕግ በእጇ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘችው ቅጣቱ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ነው። የሚፈሩትን በራስዎ እጅ መጥራት ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከመርሳ፦ «ሜዳችን ጠጠር ነው። ተንሸራቶ መንጠቅ ላስተምር?»

መልስ፦ እዚያ ሜዳ ላይ አያስተምሩ። በምትኩ ማዘግየትን ያስተምሩ፦ በፍጥነት መጠጋት፣ 3 ሜትር ሲቀር እርምጃ ማሳጠር፣ ጉልበትን ሰበር አድርጎ በጎን መቆም፣ አጥቂውን ወደ መስመሩ መግፋት፣ ኳሱ ከእግሩ እስኪርቅ መጠበቅ። 10 በ15 ሜትር ቦታ ላይ አንድ ለአንድ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በመካከሉ 45 ሰከንድ ዕረፍት። የተላጠ ጉልበት ካለ ጠጠሩ እስኪወጣ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። አፈር የገባበት ጥልቅ ቁስል ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዶ የቲታነስ ክትባቱን ያስጠይቅ።